የጤና ክበብ ዘገባ፦ በ2.5 ማባዛት የረሳን ጊዜ

የክበቡ ልጆች ዘንድሮ ስለ ልብና ስለ አመጋገብ እንስራ ሲሉ እውነቱን ለመናገር እኔ ብዙም ሙድ አልነበረኝም፣ ያው ፖስተር ይለጠፋል፣ ቀይ ልብ ይሳላል፣ አትክልት ብሉ ምናምን ይባላል፣ ከዛ ሁሉም ቺፕሱን ይዞ ወደ ክፍሉ ይገባል ብዬ ነው። የመጀመሪያው ወርም ልክ እንደዛው አለፈ። ፖስተሩ ቆንጆ ነበር፣ ያነበበው ሰው ግን ያለ አይመስለኝም።

ነገሩ የተቀየረው ልጆቹ የታሸጉ ምግቦችን ባዶ ፓኬት ሰብስበው ጀርባ ጀርባውን ማንበብ ሲጀምሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይብላ ይላል፣ ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። እኛም ፓኬቶቹ ላይ ያለውን ቁጥር እየደመርን ሰንጠረዥ ሰራን፣ ሲታይ ያን ያህል አያሰጋም፣ እኔም አየሁት አፀደቅኩት፣ ጠዋት ሰልፍ ላይ ተነበበ። በሳምንቱ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ መጥታ "ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሶዲየም ነው ሚለው፣ ጨው አይደለም" አለችኝ። ኬሚስትሪ የማስተምረው ደሞ እኔ ነኝ! ጨው ውስጥ ሶዲየም ብቻ ሳይሆን ክሎሪንም ስላለ የሶዲየሙ ቁጥር በ2.5 ካልተባዛ የጨውን መጠን አይነግርህም፣ 800 ሚሊግራም ሶዲየም ማለት 2 ግራም ጨው ነው፣ ከቀኑ 5 ግራም 2ቱ በአንድ ፓኬት አለቀ ማለት ነው። ሰኞ ሰልፍ ላይ ወጥቼ ተሳስተናል አልኩ፣ እሷ የተስተካከለውን አነበበች፣ ጭብጨባው ለማን እንደነበር መናገር አያስፈልግም።

ከዛ በኋላ ክበቡ ነፍስ ዘራ። ልጆቹን በጣም የገረማቸው ምላስ ላይ ጨው ጨው የማይሉት ነገሮች ናቸው፣ ዳቦ፣ ብስኩት፣ ሶስ። ጨው ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይይዛል፣ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ልብም ሁልጊዜ ከአቅሙ በላይ ይገፋል። ባቄላ፣ ሙዝ፣ ድንች፣ ቅጠላ ቅጠል ውስጥ ያለው ፖታሲየም ኩላሊት ሶዲየሙን እንዲያስወጣ ያግዛል። አንዱ ልጅ ይሄን ሰምቶ ለእናቱ በፖታሲየም የተሰራውን ጨው ልግዛላቸው ሲል ግን አስቆምነው፣ ምክንያቱም ኩላሊቱን የሚያመው ሰውና አንዳንድ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ላይ አደጋ አለው፣ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ይጠይቁ አልነው።

የዘይቱ ክርክር ደሞ ሁለት ሳምንት ፈጀ። የአትክልት ዘይት ላይ "ኮሌስትሮል የለውም" ተብሎ በትልቁ ሲጻፍ ደስ ይላል፣ ግን እፅዋት መች ኮሌስትሮል ነበራቸውና ነው? መታየት ያለበት የደማችንን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያረገው የረጋ ስብ፣ ማለትም ሳቹሬትድ ፋት የሚለው መስመር ነው፣ የኮኮናት ዘይት ከእፅዋት መጥቶ እንኳን አብዛኛው እሱ ነው። ትራንስ ፋት (በብዛት ፈሳሽ ዘይት ፋብሪካ ውስጥ እንዲረጋ ሲደረግ የሚፈጠረው ስብ) የባሰ ነው፣ መጥፎውን፣ ማለትም ደም ስር ላይ የሚጋገረውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ስለሚያረግ ዴንማርክ ገና በ2003 በሕግ ገድባዋለች።

ያልተሳካውንም ልናገር። ረቡዕ ረቡዕ በብስኩት ፈንታ ፍራፍሬ እንብላ ብለን ነበር፣ በሦስተኛው ሳምንት የቀረነው እኛው የክበቡ ሰዎች ብቻ ነን፣ አንዱ ደሞ ብስኩቱን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር (አይቼሃለሁ)። የተሳካው ጨውን ቀስ እያሉ መቀነስ ነው። በአንዴ የቆረጡት ሾርባው አልጥም ብሏቸው በሁለት ቀን ተመለሱ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የቀነሱት ግን ከወር በኋላ የድሮው ሾርባ ራሱ ጨው በዛበት አሉ፣ ምላስ ይለምዳል ለካ።

የተስተካከለው ሰንጠረዥ ላብራቶሪው በር ላይ አለ። የድሮውን ደብተራችሁ ላይ የገለበጣችሁ ልጆች፣ እባካችሁ በ2.5 አባዙት።