ልጄ፣ ጣራው ሳይታይ ብር አትላኪ

አሰላሙ አለይኩም የኔ ልጅ፣ እንዴት ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፣ እናትሽም ጉልበቷን ተሽሏታል። በኢሞ ስንደዋወል ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ያሰብኩትን ሳልጨርስ ይዘጋብኛል፣ ለዛ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፍልሽ።

ሰኞ ለት አክስትሽ ነገረችኝ። የኮምቦልቻው ቤት ጣራ ዝጎ ማፍሰስ ጀመረ ብለውሽ ከጓደኞችሽ ተበድረሽ ሙሉ ቆርቆሮውን ልታስቀይሪ ነው አሉ፣ ያውም ብሩን ለዛው ለመጀመሪያው አናጢ ልትልኪለት። ልጄ፣ ብሩን እንዳትልኪ። ገና 4 ክረምት ያየ ቆርቆሮ ነው። ምን እንደበላው ሳናውቅ ሌላ ብንመታበት አዲሱንም ያው ነገር ይበላዋል፣ አንቺም ለሱ ስትይ እንደገና በሰው ቤት ስትለፊ ልትከርሚ ነው።

በማግስቱ ከወንድምሽ ጋር ሄድን፣ መሰላሉን እኔ ያዝኩለት እሱ ወጣ። ጣራው ሁሉ አልዛገም! በመንገዱ በኩል ያለው አሁንም ግራጫ ነው፣ አልፎ አልፎ ነጭ ዱቄት ነገር ይታይበታል እንጂ ቀይ የለበትም። ነጩ ቆርቆሮው እንዳይዝግ የተለበጠበት ዚንክ መበላት ሲጀምር የሚወጣ ነው፣ ቀዩ ደግሞ ዚንኩ አልቆ ብረቱ ራሱ ሲበላ። ቀይ ሆኖ የተበሳሳው ማድቤቱ ላይ ያለው ነው። ማድቤቱን ከዋናው ቤት ጋር ባንድ ጣራ አያይዘውት የለ፣ ኮርኒስ የለው የጭስ መውጫ የለው፣ ተከራዮቹ እንጀራ ሲጋግሩ የምጣዱ እንፋሎትና ጭሱ ከስር ሲመታው ነው የከረመው። ወንድምሽ አንዱን ጫፍ በጣቱ ነካ ቢያደርገው እየተቀረፈ እጁ ላይ ቀረ።

ምስማሩም ጉድ ነው። ጉብታው ላይ መምታት ሲገባቸው ውሃ የሚወርድበት ቦይ ላይ መትተውታል፣ ጎሚኒው በፀሐይ ተሰነጣጥቋል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ጎሚኒ የለውም፣ ከስር ያለው እንጨት ደግሞ ሳይደርቅ የተመታ ባሕር ዛፍ ስለሆነ እየደረቀ ሲሄድ ምስማሩ ላልቶ ይነቃነቃል። በአሸንዳው በኩል ጫፉን የቆረጡት በግራይንደር ነው፣ እሳቱ ዚንኩን ያቃጥለዋል፣ የተበተነው የብረት ብናኝም ሳይጠረግ ቀርቶ ያረፈበት ሁሉ ነጥብ ነጥብ እያለ ዝጓል። ቆርቆሮ በመቀስ ነው የሚቆረጠው፣ ይሄ ደግሞ ለአናጢ የሚነገር ነገር አልነበረም። እዛ ጅዳ ባሕሩ ጨው ስላለው ብረት አይበረክትም ብለሽኝ ነበር፣ ኮምቦልቻ ምን ባሕር አለ?

ቆርቆሮውም ሳስቷል። ባለ 32 ጌጅ ነው ብለው ነው የሸጡልሽ፣ እኔ ግን በእጄ ስይዘው አላመንኩም። ጌጅ የውፍረቱ ቁጥር ነው፣ ቁጥሩ ባደገ ቁጥር ቆርቆሮው እየሳሳ ነው የሚሄደው፣ ባለ 28 የሚባለው 0.4 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ ባለ 35 የዛ ግማሽ ቢሆን ነው። ጋራዥ የሚሠራው ያጎትሽ ልጅ ውፍረቱን በካሊፐር፣ በመለኪያው፣ ይለካልናል። ሳይለካ ብር የለም!

ቦሩ ያለው የአያትሽ ቤት ትዝ ይልሻል አይደል? በጃንሆይ ጊዜ በሬ ሸጦ ነው ቆርቆሮውን ከደሴ በአህያ ያስመጣው፣ ሰፈሩ ሁሉ ሳር ቤት በነበረበት ሰዓት። ይሄው እስካሁን አለ። ያኔ ቆርቆሮው ወፍራም ነበር፣ ማድቤቱንም ለብቻው አርቆ ነው የሠራው። ሰኔ ሳይገባ ጣራ ላይ ወጥቶ ቅጠሉን ይጠርጋል፣ የላላውን ምስማር ያጠብቃል፣ እናቴ ከታች ቆማ ኧረ ውረድ ትለዋለች፣ እሱ መች ይሰማል። አንቺም እዛ ግቢ ነው ያደግሽው፣ በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ፈርተሽ እየሮጥሽ ጋቢዬ ውስጥ ትገቢ ነበር። ልጄ፣ አሥረኛ ክፍልን ሳትጨርሺ የሄድሽ ለት ዛሬም ከሆዴ አልወጣም። አቅሙ ቢኖረኝ ኖሮ አትሄጂም ነበር። እዛ ጣራ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ቆርቆሮ ያንቺ ወገብ ናት፣ ለዛ ነው የምቆጣው፣ ሌላ ምንም አይምሰልሽ።

ስለዚህ አናጢው ቢደውልልሽ አባቴን አናግር በዪው። ቃል ገብቼለታለሁ ብለሽ እንዳትነግሪኝ።

የምንሠራው ይሄ ነው። የማድቤቱን ብቻ ነቅለን በባለ 28 እንቀይራለን፣ ምጣዱ ወደ ጓሮ ይወጣል፣ ተከራዮቹን አነጋግሬያቸዋለሁ። በሌላው ላይ ምስማሩ ተነቅሎ የድሮው ቀዳዳ በሲልከን ይደፈናል፣ ጎሚኒ ያለው አዲስ ምስማር ጉብታው ላይ ይመታል። ጫፍ ጫፉ በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ አንቲረስት፣ ዝገት የሚከላከለው ቀለም፣ ይቀባል፣ ግን በደረቅ ጊዜ ነው፣ እርጥብ ላይ ከቀቡት ይላጣል። ክረምቱ ሳይገባ ማለቅ አለበት። ወጪውን ከበጎቹ ሽያጭ እኔ እችለዋለሁ፣ ካነሰኝ እነግርሻለሁ።

የተበደርሽውን ዛሬውኑ መልሺ። ከደሞዝሽ በተረፈው ያን የሚያምሽን ጥርስ ታከሚበት፣ እናትሽ በቪዲዮ ፊትሽ አብጦ ካየች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። ወንድምሽ ሐሙስ ፎቶውን ይልክልሻል፣ እሱን ሳታዪ ለማንም አንድ ሪያል እንዳትልኪ።

አባትሽ