ስለ አንድ ሸክላ አንድ ትንሽ መጽሐፍ፤ ደብዳቤ ለልጄ

አዳማ፣ ኅዳር 12 ቀን

ውድ ልጄ፣ እሙዬ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። እናትሽ ጉልበቷን አልፎ አልፎ ከሚያማት በቀር በሙሉ ጤንነት ላይ ትገኛለች፤ ከነፋሱና ከአቧራው ጋርም እንደ ወትሮው እየታገልን ነው። ከዋሽንግተን በሰው እጅ የላክሻቸው ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ከደረሱኝ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። መልሴ የዘገየው እንግሊዝኛዬ ስለ ዛገ አንዱን ገጽ በመዝገበ ቃላት ሁለት ሦስት ጊዜ እየተመላለስኩ ስለማነብ ነው እንጂ ቸል ብዬ እንዳይመስልሽ። በማስታወሻሽ ላይ ‹አባዬ፣ አርባ ደቂቃ ስለማይሞላ ሙዚቃ መቶ ሃምሳ ገጽ ማንበብ ምን ይጠቅማል? ካሴት ቤት የነበረህ ሰው ስለሆንክ እውነቱን ንገረኝ› ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንቺም ስለ ኪቦርድና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ ካሴት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ለመጻፍ እንዳሰብሽ ከግርጌው ጠቅሰሻል። ሁለቱን ጥያቄዎች አንድ ላይ እመልሳለሁ፤ ለእኔ አንድ ጥያቄ ናቸውና።

ተከታታዮቹ መጻሕፍት ‹ሠላሳ ሦስት ከአንድ ሦስተኛ› የሚል ስያሜ እንዳላቸው ሽፋኑ ላይ ሳይ ትርጉሙን ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። አጎቴ ቤት በነበረው የሸክላ ማጫወቻ ላይ 33፣ 45 እና 78 የሚሉ ቁጥሮች የተጻፉበት ማዞሪያ ነበረ፤ እኛ ልጆች ደግሞ ሰው በሌለበት በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የሚገባውን ትልቁን ሸክላ በ45 እያስኬድን የዘፋኙን ድምፅ እንደ ጫጩት እናስጮኸው ነበር። መጻሕፍቱ በ2003 እ.ኤ.አ. ደስቲ ስፕሪንግፊልድ ስለ ተባለችው እንግሊዛዊት ዘፋኝ አንድ ሸክላ በተጻፈው መጽሐፍ ጀምረው ዛሬ ከመቶ ሃምሳ በላይ ሆነዋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ አልበም። የቀረው ለጸሐፊው ተትቷል፤ መጽሐፉም ኮት ኪስ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ ሱቅ ውስጥ የስልክ ቻርጀር እየሸጥኩ አነብበው ነበር።

መጀመሪያ ያነሣሁት ዳግላስ ዎልክ ጀምስ ብራውን በኒውዮርኩ አፖሎ ቲያትር ስላስቀዳው ሸክላ የጻፈውን ነው፤ ዓለማየሁ እሸቴን ‹የኢትዮጵያው ጀምስ ብራውን› እያልን ያደግን ሰዎች ሌላ ምን እንመርጣለን? ዝግጅቱ የተቀዳው ኦክቶበር 24 ቀን 1962 እ.ኤ.አ. ምሽት ነው። የሸክላ ኩባንያው ባለቤት፣ ሰው አስቀድሞ የገዛውን ዘፈን በመድረክ ስለ ተዘፈነ ብሎ እንደገና አይገዛም በማለት ገንዘብ አላወጣም ስላለ ጀምስ ብራውን ከራሱ ኪስ ከፍሎ አስቀዳው። እስከዚህ ያለውን ማንም ሊነግርሽ ይችላል። ዎልክ ግን ያ ምሽት አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ወደ ኑክሌር ጦርነት የተቃረቡበት የኩባ የሚሳይል ቀውስ ሳምንት መሆኑን፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ከሁለት ቀን በፊት ለሕዝባቸው በቴሌቪዥን አደጋውን መናገራቸውን፣ አዳራሹን የሞላው ሰው ነገ መኖሩን ሳያውቅ የገባ መሆኑን እያስታወሰ በሸክላው ላይ የሚሰማውን የሴቶች ጩኸት አንድ በአንድ ያዳምጣል። ልጄ ሆይ፣ እኔ ይህን ጩኸት ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ የሰማሁት ግን እንደ ማጀቢያ ነበር። ከመጽሐፉ በኋላ እንደገና ሳዳምጠው ያው ጩኸት ሌላ ሆኖብኝ ድምፁን ቀንሼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

በዚያው ሸክላ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ የሚወስድ አንድ ዘፈን አለ፤ ሸክላው በአንድ ገጹ ሃያ ደቂቃ ገደማ ብቻ ስለሚይዝ ዘፈኑ በመጀመሪያው ገጽ መጨረሻ ተቋርጦ በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ ይቀጥላል። አድማጩ ተነሥቶ፣ መርፌውን አንሥቶ፣ ሸክላውን ገልብጦ እስኪመለስ ድረስ ሰውዬው መሐል ላይ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ይህን ሳስብ ከሠላሳ ዓመት በላይ ለማንም ያልነገርኩት የራሴ ጥፋት ትዝ አለኝ።

ካሴት ቤት በነበረን ጊዜ ከምንሸጠው ይልቅ የምንቀዳው ይበልጥ ነበር። ደንበኛው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚወዳቸውን ዘፈኖች ይዘረዝራል፣ እኔም ከአምስት ስድስት ካሴት ላይ እየለቀምኩ አንድ ‹ምርጥ› እሠራለታለሁ። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያኔ ገና አልወጣም ነበር ብዬ ራሴን አላጽናናም፤ አሁን የማነሣው ግን ሌላ ነገር ነው። ስድሳ ደቂቃ የሚይዝ ካሴት በአንድ ገጹ ሠላሳ ደቂቃ ነው፤ እኔ ደግሞ ጊዜውን ሳልደምር ስለምቀዳ የመጨረሻው ዘፈን አንዳንድ ጊዜ መሐል ላይ ይቆረጣል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ለጅቡቲ መንገድ አስቀድቶኝ ሄደ፤ በሳምንቱ ተመልሶ ካሴቱን ጠረጴዛዬ ላይ ጣለና ‹ጋሼ፣ ሰውዬው ወለንጪቲ ስደርስ ሁልጊዜ ይታነቅብኛል፤ ወይ አስጨርሰው ወይ ገንዘቤን መልስ› አለኝ። ከአዳማ ሲነሣ ካሴቱን ይከፍታል፣ ወለንጪቲ ሲደርስ ሠላሳ ደቂቃው ያልቃል። ሱቁ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ሌላ ቀዳሁለት። አንድ አልበም በቅደም ተከተል የተሠራ ነገር መሆኑን፣ አንዱ ዘፈን ከሌላው በኋላ የመጣው ዘፋኙና አቀናባሪው ተቀምጠው ስለ መከሩበት ሊሆን እንደሚችል ግን ያን ጊዜ አላሰብኩም። ካሴቶቹን እንደ በግ ሥጋ ቆራርጬ ስሸጥ ነው የኖርኩት፤ ይህን የነገረኝም በስተርጅና ያነበብኩት የኪስ መጽሐፍ ነው።

ሁለተኛው መጽሐፍ ጆን ዳርኒል ብላክ ሳባዝ ስለ ተባለው የእንግሊዝ ባንድ አልበም የጻፈው ነው፤ እውነቱን ልንገርሽና ሙዚቃውን አልወደድኩትም፣ ጊታሩ ጆሮዬን ደበደበኝ። መጽሐፉን ግን በሁለት ሌሊት ጨረስኩት። ጸሐፊው ስለ ሙዚቃው ትንተና ከመጻፍ ይልቅ በ1985 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ሕክምና ተቋም ውስጥ የገባ አንድ ወጣት በማስታወሻ ደብተሩ የሚጽፈውን ልብ ወለድ አድርጎ አቀረበው። ልጁ ካሴቶቹንና ማጫወቻውን ተቀምቷል፤ እንዲመለሱለት ለመለመን ብሎ ያ አልበም ለእርሱ ምን ማለት እንደሆነ ለተቆጣጣሪው በየቀኑ ይጽፋል። ካሴት የተወሰደበት ሰው ሲለምን እንዴት እንደሚናገር እኔ አውቃለሁ፤ ስንቱ ጎረምሳ ‹በዱቤ ስጠኝ› እያለ ሱቄ በር ላይ ቆሞብኛል። ‹ይህ አልበም ትልቅ ሥራ ነው› የምትል ዓረፍተ ነገር መጽሐፉ ውስጥ ብትኖር እንኳ አላስተዋልኳትም፤ ያለዚያ አልበም የማይኖር ልጅ ግን አየሁ።

በሦስተኛው፣ ስለ ሴሊን ዲዮን በተጻፈው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም አፍሬበታለሁ። ጸሐፊው ካርል ዊልሰን በቶሮንቶ የሚኖር የሙዚቃ ሐያሲ ሲሆን መጽሐፉን በ2007 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የሚጠላውን አልበም መርጦ ነው፤ ያ በ1997 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ የታይታኒክ ዘፈን ያለበት አልበም ነው። አንቺ ገና ሳትወለጂ፣ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ፣ እዚህ ናዝሬት ከፍራንኮ እስከ መናኸሪያ በየሱቁ በር ላይ የሚጮኸው እርሱ ነበር። ዊልሰን ‹ይህን ዘፈን የሚወድ ሰው ጆሮ የለውም› ብሎ ከመደምደም ይልቅ፣ ብዙ ሚሊዮን ሰው የወደደውን እኔ ለምን ጠላሁ ብሎ ራሱን ይመረምራል። ዘፋኟ ከኩቤክ፣ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ከሆነ ችግረኛ ቤተሰብ፣ የአሥራ አራት ልጆች መጨረሻ ሆና መወለዷን ይተርካል፤ ወዳጆቿን ያነጋግራል፤ ላስ ቬጋስ ድረስ ሄዶ ዝግጅቷን ያያል። ‹ጥሩ ጣዕም አለኝ› ማለት ብዙ ጊዜ ‹እኔ ከእነዚያ ሰዎች አይደለሁም› ለማለት መሆኑን ቀስ እያለ ያሳያል።

እሙዬ፣ እኔም ከጠረጴዛው ጀርባ ቆሜ ይህንኑ አደርግ ነበር። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጅ የወር ደመወዟን ከመሐረቧ ጫፍ ፈትታ የምትጠይቀኝን ካሴት ሳወጣላት ከንፈሬን እንዳጣምም ያየች ይመስለኛል፤ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። የዘፋኙን ስም አልጽፍልሽም፣ ዛሬ ሳዳምጠው ደግሞ ድምፁ የሚያስቀይም አይደለም።

ስለዚህ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እነዚህን መጻሕፍት ማንበብ የሚጠቅመው ካሴቱ ብቻውን የማይነግርሽን ሲነግሩሽ ነው፤ ከዚያም ወደ ካሴቱ ሲመልሱሽ። ከተከታታዩ መካከል ዘፈኖቹን ከአንድ እስከ አሥር እየቆጠረ ‹ይህኛው ድንቅ ነው፣ ያኛው ደግሞ የበለጠ ድንቅ ነው› የሚል እንዳይኖር አልምልም፤ እንዲህ ያለውን ካገኘሽ አስቀምጪውና ሙዚቃውን ስሚ፣ ጊዜሽን ታተርፊያለሽ።

የእኛ አገር ችግር ከዚህ ይለያል። ስለ ዘፈን የሚጽፍ ሰው ግጥሙን ይዞ ይሮጣል፤ ሰሙ ምንድን ነው፣ ወርቁ ማንን ነው የነካው፣ በዚያ መንግሥት ጊዜ ‹ውዴ› የተባለችው ማን ናት እያለ ይፈታል። እኔም በዚህ ጨዋታ ብዙ ሌሊት አሳልፌያለሁና አልነቅፈውም። ግን ቤዙን ማን መታው? ሳክስፎኑ ለምን እዚያ ላይ ገባ? አቀናባሪው ትዝታውን ከየትኛው ቅኝት ወደ የትኛው ወሰደው? ‹ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር› ተብሎ በካሴቱ ሽፋን ወረቀት ላይ በደቃቅ ፊደል የሚጻፈውን ከሱቅ ጠባቂ በቀር የሚያነብ አልነበረም። በዚያ ላይ የሸክላው ዘመን ሥራችን አብዛኛው በአልበም አልነበረም፤ አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የጀመረው አምሃ ሪከርድስ ከመቶ በላይ ባለ ሁለት ዘፈን ትንንሽ ሸክላዎችን ሲያወጣ ረጃጅሞቹ አሥራ ሁለት ገደማ ብቻ ነበሩ። አልበም እንደ አልበም ወደ ሰው ቤት የገባው ይልቁን በካሴት ነው።

የኃይሉ መርጊያን ሥራ መምረጥሽ ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው፤ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ስለሆነ ሰምና ወርቅ ውስጥ መደበቅ አትችዪም፣ ድምፁን መስማት የግድ ይሆንብሻል። በ1977 እ.ኤ.አ. ከዋልያስ ባንድ ጋር ‹ቸ በለው›ን ያወጣው ሰው፣ በሰዓት እላፊው ዘመን ሌሊቱን ሙሉ ሆቴል ውስጥ ለተዘጋበት ሕዝብ እስኪነጋ ሲጫወት የኖረው ሰው፣ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄዶ እዚያው ቀረ። በ1985 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ የጀመረውን አኮርዲዮን እንደገና አነሣ፤ ከሮድስ፣ ከሙግና ከያማሃ ኪቦርድ ጋር፣ ከበሮውንም በማሽን አድርጎ፣ ‹ሸሞንሟናዬ› ያለበትን ካሴት ብቻውን ቀዳ። ከዚያ አንቺ ባለሽበት ከተማ ለብዙ ዓመታት ታክሲ እየነዳ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይዞት በሚዞረው ኪቦርድ ይለማመድ ነበር። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባህር ዳር አግኝቶ በ2013 እ.ኤ.አ. እንደገና እስኪያሳትመው ድረስ ከእኛ በቀር የሚያስታውሰው አልነበረም።

ይህን ታሪክ ግን ሁሉም ስለሚያወራው አንቺ በዚህ አትጀምሪ። ታክሲው ያስለቅሳል፤ ያለቀሰ ሰው ደግሞ አኮርዲዮኑን አይሰማም። ባንድ ሙሉ ከኋላው የነበረ ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ግራ እጁ ምን እንደሚሠራ፣ ማሽኑ የማይዛነፍ ከበሮ ሲመታ አኮርዲዮኑ ለምን ትንሽ ዘግየት እያለ እንደሚገባ፣ ዜማው እስክስታ እየጠራ ለምን ማንም ተነሥቶ እንደማይጨፍርበት እርሱን ጠይቂ። ከዚያም ያዳመጡትን ሰዎች ጠይቂ፤ እኛ እዚህ በደከመ ባትሪ፣ እየተጎተተ የሰማነው ካሴትና እዚያ በአዲስ ሸክላ ተጠርቶ የሚሰማው አንድ አይመስሉኝም፤ ስለ የትኛው እንደምትጽፊ አስቀድመሽ ወስኚ። ሸምገል ያሉትን የሙዚቃ ሰዎች ደግሞ ቶሎ ፈልጊያቸው፤ ስልክ ከመደወል ቡና ጠርተሽ ማነጋገር ይሻላል።

የእኔን ካሴት ፈልጌ አግኝቻለሁ። ቴፑን የሚደግፈው ስፖንጅ ወድቆ ስለ ነበር አምስቱን ብሎኖች በትንሿ ካቻቢቴ ፈትቼ፣ ጥቅሎቹን ከነቴፑ ወደ ሌላ ባዶ ካሴት ልባስ አዛውሬ፣ በእስክሪብቶ እያዞርኩ አጥብቄዋለሁ። የአክስትሽ ልጅ ለገና ሲመለስ ይዞልሽ ይመጣል፤ ማጫወቻ እዚያ ከሰው ለምነሽም ቢሆን ፈልጊ። ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ቦታ ድምፁ ተንቀጥቅጦ ለአፍታ ይጠፋል፤ እዚያ ላይ ተበጥሶ በፕላስተር የቀጠልኩት እኔ ስለሆንኩ በኃይሉ እንዳታሳብቢ።

አባትሽ