ለልጄ፦ የብድር ወረቀት ከመፈረምሽ በፊት

የኔ ዓለም፣

ለአባትሽ «አብራሪነቱ በጣም ውድ ነው፣ ይቅርብኝ» ማለትሽን ሰማሁ። አይቀርብሽም። በቃል ብነግርሽ «እሺ እማዬ» ብለሽ ታልፊዋለሽ፤ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። አማርኛው ከከበደሽ አባትሽ ያንብብልሽ፣ ብቻ እስከ መጨረሻው ስሚኝ።

ዋጋውን እኔም አይቼዋለሁ። ቶሎ የሚያስጨርሱት የበረራ ትምህርት ቤቶች ከዜሮ ተነስተሽ የበረራ አስተማሪ እስክትሆኚ ድረስ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። አንድ ላይ ተደምሮ ሲታይ ያስደነግጣል። ግን እኔ ኤርፖርት ውስጥ ነው የምሠራው። ዊልቸር ይዤ ጌት ላይ ስጠብቅ አብራሪዎችን ባገኘሁ ቁጥር «እንዴት ከፈልከው? እንዴት ከፈልሽው?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ስለ መንገዳቸው ሲጠየቁ ደስ ይላቸዋል፣ ቁጭ ብለው ያስረዱኛል። ብዙዎቹ የሀብታም ልጆች አይደሉም። ደረጃ በደረጃ ነው የከፈሉት። የመጀመሪያውን ፈቃድ በስኮላርሺፕ፣ ቀጣዩን በኮሌጅ እርዳታ፣ የበረራ ሰዓቱን ደግሞ ሌላውን እያስተማሩና እየተከፈላቸው።

እኛ ያደግነው ሌላ አሠራር እያየን ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማስታወቂያ ያወጣል፣ ይፈትናል፣ ያለፈውን በራሱ ወጪ ያሰለጥናል። ሠልጣኙ ደግሞ ለተወሰኑ ዓመታት ሊያገለግል ይፈርማል። ካፒቴን አምሳለ ጓሉ እ.ኤ.አ. በ2010 የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን የሆነችው ከዚያው ከራሱ ማሠልጠኛ ወጥታ ነው። እዚህ አሜሪካ ግን እንዲህ ሁሉንም ነገር የሚሸከም አንድ ድርጅት ማግኘት ይከብዳል። ገንዘቡ አለ፤ በየቦታው ተበታትኖ ነው ያለው። የሚያገኘው ደግሞ ቀድሞ የጠየቀ ነው።

መጀመሪያ ፋፍሳ፣ የፌደራል የትምህርት እርዳታ መጠየቂያው ፎርም። ኦክቶበር 1 ይከፈታል፣ ለመሙላት ምንም አይከፈልም። «እኛ እንሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ዝም ብለሽ እለፊው። የሚጠይቁት ያለፈውን ዓመት የታክስ መረጃ ነው፤ እሱ የእኔና የአባትሽ ሥራ ነው፣ አካውንቱን ከፍቻለሁ። በዚህ በኩል የሚመጣው ፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፣ አይመለስም። የሜሪላንድ የራሷ እርዳታም በዚሁ ፎርም ነው የሚታየው፤ የእሱ ቀነ ገደብ አብዛኛውን ጊዜ ማርች 1 ነው። ብዙ የሰፈራችን ልጆች የሚያመልጣቸው ይሄ ነው፤ ኮሌጁ ተቀብሏቸው ገና ፎርሙን ያልሞሉ አሉ።

አሁን ልብ በይ። የፌደራል ገንዘብ የሚሰጠው እውቅና ባለው ኮሌጅ ለሚማር ነው። ጋይተርስበርግ ያለው ኤርፓርክ፣ ትንሹ አውሮፕላን ማረፊያ ሄደሽ ለብቻሽ በሰዓት እየከፈልሽ ብትማሪ፣ ፔልም ሆነ የፌደራል ብድር እዚያ አይገባም። ለዚህ ነው ዲግሪና በረራ አብረው የሚሰጡበትን ቦታ ፈልጊ የምልሽ። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ፕሪንሰስ አን ላይ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኢስተርን ሾር አለ። የመንግሥት ነው፣ የነዋሪ ክፍያ ነው የምትከፍይው። ዶቨር ያለው ደላዌር ስቴት የራሱ አውሮፕላኖች አሉት። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ሃምፕተን አለ። ሦስቱም የጥቁሮች ታሪካዊ ኮሌጆች ናቸው። ስትደውዪላቸው የትምህርት ክፍያውን ብቻ አትጠይቂ። የበረራው ክፍያ ለብቻው ስንት ነው? እርዳታው ሲሰላ የበረራው ክፍያ ይቆጠራል ወይ? እነዚህን ጠይቂ። በየብሮሹሩ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ በረራውን አይጨምርም።

አንድ ጥሩ ነገር ደግሞ አለ። አንዳንድ ኮሌጅ ከውጭ ስኮላርሺፕ ስታመጪ የራሱን እርዳታ ይቀንስብሻል። ሜሪላንድ ይህንን በመንግሥት ኮሌጆች ላይ የሚገድብ ሕግ በ2017 አወጣች፤ ከክልሎች ሁሉ የመጀመሪያዋ ነበረች። ስለዚህ እዚሁ ከተማርሽ ለፍተሽ ያመጣሽው ብር ያንቺው ተጨማሪ ሆኖ ይቆያል፣ ድምሩ ኮሌጁ «ያስፈልጋታል» ብሎ ካሰላው እርዳታ እስካላለፈ ድረስ።

ወደ ስኮላርሺፑ ልምጣ። ከሁሉም በላይ የምጓጓለት ኢኤኤ የሚባለው ማኅበር ነው። በየአካባቢው ቻፕተር የሚሉት ቅርንጫፍ አለው፣ አባላቱ ብዙዎቹ አውሮፕላን የሚወዱ ጡረተኞች ናቸው። ያንግ ኢግልስ በሚሉት ፕሮግራማቸው ከ8 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆችን በነፃ ያበራሉ። አንቺ ጁን ላይ 18 ይሞላሻል፣ ከዚያ በኋላ አይሆንም። ከዚያች በረራ በኋላ የአብራሪነት ንድፈ ሐሳብ ትምህርቱን ኦንላይን በነፃ ይሰጡሻል። እዚያው ቻፕተር ውስጥ የሬይ ስኮላርሺፕ አለ፤ ከ16 እስከ 19 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነው፣ ለግል አብራሪነት ፈቃድ እስከ 12 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ታዲያ በኢንተርኔት ብቻ አይገኝም። ልጁን የሚያጨው ቻፕተሩ ነው። የሚያጩት ደግሞ የሚያውቁትን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ወንበር የሚደረድረውን፣ አውሮፕላን የሚያጥበውን ልጅ ነው። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ልቤ የተረጋጋው። ሰው ፊት ቀርበሽ ሥራሽን ማሳየት ትችያለሽ፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አይቼሻለሁ።

ኤኦፒኤ የሚባለው የአብራሪዎች ማኅበርም ለሃይስኩል ተማሪዎች የበረራ ስኮላርሺፕ ይሰጣል። ዋና መሥሪያ ቤቱ ፍሬድሪክ፣ እዚሁ ሜሪላንድ ነው። ለሴቶች ዊመን ኢን አቪዬሽን እና ናይንቲ ናይንስ አሉ። ናይንቲ ናይንስ በ1929 የተመሠረተ የሴት አብራሪዎች ማኅበር ነው፣ የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንቱ አሚሊያ ኤርሃርት ነበረች። ለጥቁሮች ኦባፕ የሚባል የአቪዬሽን ባለሙያዎች ማኅበር አለ፣ ከ1976 ጀምሮ። ሲስተርስ ኦፍ ዘ ስካይስ ደግሞ የጥቁር ሴት አብራሪዎች ነው። አንዳንዶቹ ቀድመሽ አባል እንድትሆኚ ይፈልጋሉ፤ የተማሪ መዋጮው ትንሽ ነው፣ እኔ እከፍላለሁ።

ይሉኝታ ይዞሽ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሰው ፊት ቆሜ ገንዘብ ስጡኝ ልበል?» ትያለሽ። ልጄ፣ ይህ ልመና አይደለም። የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት አብራሪ ቤሲ ኮልማን ቺካጎ ውስጥ ጥፍር እየሠራች ነበር የምትኖረው። ጥቁርም ሴትም ስለሆነች እዚህ አገር በረራ የሚያስተምራት ትምህርት ቤት ጠፋ። ፈረንሳይኛ ተማረች፣ ገንዘብ አጠራቀመች፣ የጥቁሮች ጋዜጣ አሳታሚው ሮበርት አቦትና ባንከሩ ጄሲ ቢንጋ አገዟት። ጁን 1921 ፈረንሳይ ውስጥ ፈቃዷን ወሰደች። ሰው ጠይቃ፣ ሰው አግዟት ነው። እሷን ካዩት ልጆች መሃል አብራሪው ጆን ሮቢንሰን ይገኝበታል ብዬ አልምልልሽም፣ ግን እሱም ከዚያው ከቺካጎ ተነስቶ ኢትዮጵያ በጣሊያን ስትወረር ለጃንሆይ በረረ፣ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ የእኛን ልጆች አብራሪነት አስተማረ። በ1954 አዲስ አበባ ነው ያረፈው። እርዳታ ሲዞር እንዲህ እኛም ጋ ይደርሳል፣ ነገ ደግሞ አንቺ ለሌላዋ ትሰጫለሽ።

ስኮላርሺፕ ሰጪዎቹ ልጁ ጀምሮ እንዳይተወው ይፈራሉ። ስለዚህ ከማመልከትሽ በፊት የግል አብራሪነቱን የጽሑፍ ፈተና እለፊ። ፈተናው 175 ዶላር ነው፣ ውጤቱ ለ24 ወር ያገለግላል። ዕቁቤ ሲወጣ ለእሱና ለሄድሴት፣ በረራ ላይ ጆሮ ላይ ለሚደረገው ማዳመጫ፣ አስቀምጬልሻለሁ። ፈተናውን ያለፈች ልጅ ማመልከቻ ካላለፉት ላይ ጎልቶ ይታያል። ኤሴይው ላይ «ከሕፃንነቴ ጀምሮ ሰማይ እወዳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፣ ሁሉም የሚለው እሱን ነው። ምን እንደሠራሽ ጻፊ። ቅዳሜና እሁድ ሱቅ እየሠራሽ የምታጠራቅሚውን፣ ለአያትሽ የሐኪም ቀጠሮ የምታስተረጉሚውን፣ የቀረውን ገንዘብ ከየት እንደምታመጪ ጻፊ። ዕቅድ ያላት ልጅ መሆንሽን ይዩ።

«በስኮላርሺፕ እዚህ ፈቃድ ካወጣሁ ኮሌጁ ላይ ይባክናል» የሚል ሰው ገጥሞሻል አሉ። አይባክንም። አየር መንገድ ለመግባት በተለመደው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ያስፈልጋል። ፈቃድ ካለው ዩኒቨርሲቲ በአቪዬሽን ዲግሪ ለተመረቀ 1,000 ይበቃዋል። ለዚህ ቅናሽ ኢንስትሩመንት (በመሣሪያ ብቻ እየተመሩ ለመብረር) እና ኮሜርሻል (እየተከፈለ ለመብረር) የሚባሉትን ፈቃዶች ኮሌጁ ውስጥ መማር አለብሽ፤ የግል አብራሪነቱን ግን ከውጭ ይዘሽ መግባት ትችያለሽ። ኮሌጁ ይህ የ1,000 ሰዓት ፈቃድ እንዳለው፣ ያመጣሽውንም ፈቃድ በክሬዲት እንደሚቆጥርልሽ ብቻ በጽሑፍ ጠይቂ።

ስለ ብድር ሳልነግርሽ አልጨርስም፤ ሌሊት የሚያባንነኝ እሱ ነው። ከፌደራል ብድር አንደኛ ዓመት ላይ በስምሽ የምታገኚው 5,500 ዶላር ነው። እኛ ወላጆች የምንወስደው ፓረንት ፕላስ ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአንድ ልጅ በዓመት 20 ሺህ፣ በጠቅላላው 65 ሺህ ዶላር ላይ ተገድቧል። የቀረውን ከግል አበዳሪ ውሰዱ የሚል ብዙ አለ፣ እኔን ኮሳይን፣ ማለትም ዋስ አድርጎ። የግሉ ብድር ገቢሽ ሲያንስ እንደ ፌደራሉ አይለሳለስም። ከእኔ ጋር የምትሠራ አንዲት እናት ልጇ በእንዲህ ያለ ብድር ጀምሮ መሃል ላይ አቆመ፤ ፈቃዱን ሳይዝ እሷም እሱም እየከፈሉ ነው። ሙሉ ክፍያ ቀድመሽ አስገቢ የሚልሽን ትምህርት ቤትም ሽሺው። በ2008 መቀመጫው ኔቫዳ የነበረ ትልቅ የሄሊኮፕተር ትምህርት ቤት በድንገት ተዘግቶ ብዙ ተማሪዎች ትምህርቱን ሳይጨርሱ ከነዕዳቸው ቀርተዋል። በበረርሽው ሰዓት ልክ ክፈዪ። የመጨረሻ አማራጭ ሆኖ ብድር ካስፈለገ ሦስታችን ቁጭ ብለን ወረቀቱን እናነበዋለን። ብቻሽን አትፈርሚ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሐኪም ጋ ሂጂ። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ኤፍኤኤ ፈቃድ የሰጠው ሐኪም ፈርስት ክላስ የሚባለውን ምርመራ ያደርግልሻል። መነጽርሽ ችግር አይሆንም፣ በመነጽር በደንብ እስካየሽ ድረስ። የቀለም ፈተና ግን አለ። አንድም ብር ሳናወጣ ይህንን ማወቅ አለብን። ፎርሙ ላይ የወሰድሽው መድኃኒት ካለ ደብቀሽ አትለፊ፣ የዋሸ ሰው ፈቃዱን ይነጠቃል። ለበረራ ትምህርት ምዝገባ ዜግነትሽን ይጠይቁሻል፤ ፓስፖርትሽ መሳቢያው ውስጥ ነው።

የሒሳብ አስተማሪሽን የድጋፍ ደብዳቤ ዛሬውኑ ጠይቂው፣ በመጨረሻው ሳምንት ሲጠየቁ አይወዱም። ኤሴይውን ጨርሰሽ ስታመጪ በአማርኛ አንብቢልኝ፤ የማላውቃት ልጅ ከተጻፈችበት እነግርሻለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ የለኝም፣ ቻፕተሩ ስብሰባ ጋ እኔ እወስድሻለሁ። የሐኪሙን ቀጠሮ ግን አንቺ ራስሽ ደውለሽ ያዢ።

እናትሽ