ኮይል ከመግዛት በፊት አቀያይሮ መሞከር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

«ሞተሩ ሚስ ያደርጋል» (አንዱ ሲሊንደር ሳያቃጥል ይዘላል) ተብሎ ጋራዥ የገባ ቪትዝ ወይም ኮሮላ ብዙ ጊዜ አራቱም ኮይል (ነዳጁን ለሚለኩሰው ካንዴላ ከፍተኛ ቮልት የሚያመነጨው ዕቃ) ይቀየርለታል። የተበላሸው ግን ባብዛኛው አንዱ ነው፤ አንዳንዴም ኮይሎቹ ጭራሽ ጥፋት የለባቸውም። ባለመኪናው ወደ መለዋወጫ ገበያው ሱማሌ ተራ ወርዶ ብሩን ከመቁጠሩ በፊት ቀላል ሙከራ እንዲደረግለት ይጠይቅ።

በእነዚህ ሞተሮች እያንዳንዱ ካንዴላ የራሱ ኮይል አለው። የብልሽት ኮድ የሚያነበው ስካነር ፒ0301 ካለ አንደኛው ሲሊንደር በትክክል እያቃጠለ አይደለም። ኮዱ ሲሊንደሩን እንጂ የተበላሸውን ዕቃ አይናገርም። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ቁልፉ ተነቅሎ፣ የአንደኛውና የሦስተኛው ኮይል በ10 ቁጥር መፍቻ ተፈተው ቦታ ይለዋወጡ። ኮዱ ተሰርዞ ትንሽ ሲነዳ ፒ0303 ከመጣ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር ሄዷል፤ አንድ ኮይል ብቻ ይገዛ። ፒ0301 ከተመለሰ ግን ካንዴላው እንደዚሁ ይዛወር፤ ቀጥሎ ኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው) እና ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩ እመቃ) ይታዩ።

ኮይሉ ሲወጣ ካንዴላው ላይ የሚገባውን የኮይሉን ጎማ ልብ ብሎ ማየት ነው። ዘይት ከነካው የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳኑ ጓርኒሲዮን ያፈሳል፤ እሱ ሳይቀየር የሚገባ አዲስ ኮይልም አይቆይም። ጎማው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ከታየ እሳቱ ወደ ብረቱ እያመለጠ ነው። የካንዴላው ክፍተት 1.1 ሚሊ ሜትር መሆን ሲገባው ተበልቶ ከሰፋ ኮይሉ ከአቅሙ በላይ ቮልት ለማመንጨት ይገደዳል።

«በቴስተር ለክተነው ደህና ነው» የሚለውም አያስተማምንም። ኮይሉ ውስጥ ኢግናይተር (ኮይሉን የሚያበራና የሚያጠፋ ኤሌክትሮኒክስ) ስላለ በኦም መለካት ጤንነቱን አያሳይም። ሶኬቱ ላይ አራት ገመድ አለ፦ ቁልፍ ሲከፈት 12 ቮልት የሚመጣበት፣ ኔጋቲቭ፣ ከኮምፒውተሩ «ተኩስ» የሚል ትእዛዝ የሚያመጣና «ተኩሻለሁ» የሚል ምላሽ የሚመልስ። ምላሹ ሲቋረጥ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይዘጋል፤ ያኔ ያለ ጥፋቱ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል።

ከሁሉ የሚጎዳው ሞተሩ እየሠራ ኮይል ነቅሎ «እሳት አለው ወይ» ማለት ነው። እሳቱን ከአንድ ኮይል ለሁሉም ካንዴላ ከሚያከፋፍሉ ባለ ዲስትሪቢዩተር መኪኖች የቀረ ልማድ ነው፣ እዚህ ግን አይሠራም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቮልት መውጫ ሲያጣ የኮይሉን መከላከያ ይበሳል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ደግሞ ካታሊስት (የጭስ ማጣሪያው) ውስጥ ገብቶ እየነደደ ያቀልጠዋል። የሞተር መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለውም ይህንኑ ለማስጠንቀቅ ነውና ሾፌሩ ፍጥነቱን ቀንሶ በአቅራቢያው ይቁም።

ከአክብሮት ጋር
የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ