ማይክ የያዘው ልጅ ፈርጉሰን አይደለም

ይድረስ ለኪነ ጥበብ ገጽ አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ ስለ ክሬግ ፈርጉሰን፣ ስለ ስኮትላንድ ተወላጁ ቀልደኛ፣ ጸሐፊና የአሜሪካ ቴሌቪዥን የምሽት ፕሮግራም አቅራቢ የነበረው ሰው፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አይቼዋለሁ። አንባቢም ስላየው አልደግመውም። የእኔ ጉዳይ ከፎቶው ሥር ካለችው አንዲት መስመር ጋር ነው። «ፈርጉሰን በወጣትነቱ በፓንክ ባንድ ሲያዜም» ትላለች።

ሲያዜም!

ማይኩን አንቆ የሚጮኸው ቀጭን ልጅ ፒተር ካፓልዲ ነው። በኋላ በአጭር ፊልም ኦስካር የወሰደው፣ «ዶክተር ሁ» ላይ ዶክተሩን ሆኖ የሠራው ስኮትላንዳዊ ተዋናይ። የባንዱ ዘፋኝ እሱ ነበር። ባንዱ ድሪምቦይስ ይባላል፤ ይህችን እንኳ በትክክል ጽፋችኋል፣ ተመስገን ነው። ፈርጉሰን ድራመር ነበር። ፎቶው ላይ ከሲምባሉ፣ ከዚያ ከሚመታው የብረት ሳህን፣ ጀርባ ግንባሩ ብቻ ብቅ ያለው ሰውዬ እሱ ነው።

ወደ ቢሯችሁ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሳው ወጣት በትህትና አዳመጠኝና «ያው ባንዱ ውስጥ ነበረ አይደል፣ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። በስልክ መልሱ ስለማያልቅ ነው የምጽፈው።

ፈርጉሰን የተወለደው ግላስጎ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1962። ያደገው ግን ከምበርኖልድ ነው። ከምበርኖልድ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ከተጨናነቁት የግላስጎ ሰፈሮች የሚወጡ ሰዎችን ለማስፈር በፕላን የተሠራች የኮንክሪት ከተማ ናት። ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ከመሀል ከተማ ርቆ የሰፈረ የአዲስ አበባ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አባቱ የፖስታ ቤት ሠራተኛ፣ እናቱ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበሩ። በ16 ዓመቱ ትምህርት አቋርጦ ባሮውዝ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እዚያ በነበረው ፋብሪካ ገባ። የሒሳብ ማሽንና ኮምፒውተር የሚሠራ ኩባንያ ነው። ልጁ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ለመሆን ሙያ ተለማማጅ ነበር።

ይኼ ሁሉ እናንተ ጋ «ከድሃ ቤተሰብ የተገኘው» በሚል ሦስት ቃል አልቋል። ፋብሪካው የለም። ድራሙም የለም። የቀረው ምንድን ነው? ማይክ፣ ቴሌቪዥን፣ መጽሐፍ። ሰውዬው በሊፍት የወጣ ነው የሚመስለው።

ካፓልዲ የግላስጎ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪ ነበር። (እሱም ቢሆን የአይስክሬም ነጋዴ ልጅ ነው፣ ቅር እንዳይለው።) ፈርጉሰን የፋብሪካ ልጅ ነው። እነዚህን ሁለት ልጆች አንድ መድረክ ላይ ያገናኘው ፓንክ የተባለው ፈጣንና ጯሂ የሮክ ሙዚቃ ነው። ፓንክ ዲፕሎማ አይጠይቅም። ኖታ ማንበብ አይጠይቅም። ጊታሪስቱ ሦስት ኮርድ ካወቀ ይበቃዋል፣ ዘፋኙ ግጥሙ ቢጠፋበትም ሰው የዘፈኑ አካል ይመስለዋል። ድራመሩ ግን እጁን ካነሳ ዘፈኑ አለቀ። ያን ሁሉ ፍጥነት ተሸክሞ ሳይሸሽና ሳይጎተት መድረስ ያለበት አንድ ሰው ነው። እሱን ነው እናንተ «ያው ባንዱ ውስጥ ነበረ» ያላችሁት።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። መቼም ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ሆዱ የባሰው ነው።

እኔ ድራመር ነኝ። ቀን ቀን ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ፣ ማታ እጫወታለሁ። ሠርግ ላይ መጀመሪያ የምደርሰው እኔ ነኝ፣ መጨረሻ የምወጣውም እኔ ነኝ። ዘፋኙ በራይድ ይመጣል። እኔ ቤዝ ድራሙን፣ ቶሙን፣ የሲምባል ማቆሚያውን በኮንትራት ሚኒባስ ጭኜ፣ ከሾፌሩ ጋር በዋጋ ተጨቃጭቄ እመጣለሁ። ካሴት ላይ የወጣሁት «ከባንዱ ጋር» ተብዬ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ጋዜጣ ስለ ባንዳችን ጽፎ ፎቶ አወጣ። ድራም የምመታበት ስቲኬ ወጥቷል። እኔ አልወጣሁም። እናቴ ጋዜጣውን ገዝታ ለጎረቤት አሳይታለች፤ «የታለ ልጅሽ?» ሲሏት ስቲኩን አሳየቻቸው።

አሁን ደግሞ ጭራሽ ስቲኩም ቀርቷል። ባለ ሠርጉ ደውሎ «ኪቦርዱ ውስጥ ድራም አለ አይደል? አንተን ምን አደከመህ?» ይለኛል። አዎ አለ። አንድ ቁልፍ ተጭነህ ስትተወው ሙሽራዋ እስክትገባም እስክትወጣም ያንኑ ይመታል። ሙሽራዋ ቀሚሷን ረግጣ ብትደናቀፍም አይጠብቃትም።

ታላላቆቻችንንም ብትወስዱ ያው ነው። የዋልያስ ባንድን ኪቦርድ የተጫወተውን ኃይሉ መርጊያን ዛሬ የውጭ አገር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይገባዋል። ድራሙን የመታው ተማረ ሐረጉ ነው። ለመሆኑ ስንቶቻችሁ ታውቁታላችሁ? ዝግጅት ክፍሉ ውስጥ እጅ አስወጡና ቁጠሩ።

ወደ ጽሑፋችሁ ልመለስ። «በምሽት የቴሌቪዥን ፕሮግራሙ ከታወቀ በኋላ ብዕር አነሳ» ብላችኋል። ልቦለዱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፣ በሲቢኤስ «ሌት ሌት ሾው» ላይ የተቀመጠው በ2005። በዚህ ብቻ ካየነው ልክ ትመስላላችሁ። ግን «ሴቪንግ ግሬስ» የተባለውን ፊልም ከሌላ ሰው ጋር የጻፈው ከዚያ በፊት ነው፤ ፊልሙ በ2000 ታይቷል። በ1999 የወጣው «ዘ ቢግ ቲዝ» ላይም እጁ አለ። ያኔ «ድሩ ኬሪ ሾው» ላይ ተዋናይ ነበር። የእሱ ትዕይንት እስኪደርስ ልብስ መቀየሪያ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጽፍ ነበር። እረፍቱን የሥራ ሰዓት ያደረገ ሰው ነው። ከዚያም በፊት በ1986 ኤድንብራ ፌስቲቫል ላይ፣ አገር ወዳድነታቸው ቅጥ ያጣ የስኮትላንድ ዘፋኞችን የሚያላግጥ ገጸ ባሕርይ ይዞ ወጥቶ ሕዝቡን አስቋል። ቀልዱን ማን የጻፈለት ይመስላችኋል? ኪቦርዱ ውስጥ አልነበረም።

እንደ እኔ አስተያየት ጽሕፈቱ የጀመረው እዚያው ድራሙ ጀርባ ነው። ይኼን ማስረጃ አቅርቤ አልከራከርም፤ ከምኖርበት ወንበር ሆኜ ነው የምናገረው። ድራመር የሁሉንም ጀርባ ያያል። ዘፋኙ መጠጥ እንዳበዛ ከታዳሚው በፊት ያውቃል። ጊታሪስቱና ቤዝ ተጫዋቹ የተኳረፉ ቀን ከትከሻቸው ይገባዋል። እሱን ግን ማንም ዞሮ አያየውም። ከዚህ የተሻለ የጸሐፊ ወንበር ካለ ንገሩኝ። ደግሞም ድራመር ዝም የሚልበትን ቦታ ካላወቀ ቶሎ ይባረራል። ፈርጉሰን በፕሮግራሙ ላይ እንግዳ ሲቀበል የጥያቄ ካርዱን ቀዶ ይጥል ነበር። ከዚያ እንግዳው የሚለውን ሰምቶ ይመልሳል። ቀልዱን ለቆ ቆም ሲል እዩት። ያንን ከዘፋኝ አልተማረውም።

ይህን ሰው ያወቅሁት ቨርጂኒያ ባለው የአክስቴ ልጅ ነው። የማታ ፈረቃ ይሠራ ነበር፤ ቤቱ ሲገባ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያገኘው ፈርጉሰንን ነው። «ይኼ ሰውዬ እንደኛ ነው፣ መጥቶ ነው የሠራው» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው። ፈርጉሰን በወጣትነቱ ኒውዮርክ ሄዶ ሐርለም ውስጥ ግንባታ ላይ ሠርቷል፣ የናይት ክለብ በር ጠብቋል። የአሜሪካ ዜግነት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። በማግሥቱ ዓመት የሕይወት ታሪኩን አሳተመ፣ ያንን ነው የአክስቴ ልጅ የላከልኝ። የእናንተ ጸሐፊ መጽሐፉን «ሳቢ» ብሎታል። ቢያነበው ድራሙን ያገኘው ነበር።

አንድ ነገር ግን ለራሱ ለፈርጉሰንም አልተውለትም። ድራመር የነበረ ሰው ፕሮግራሙ ላይ ባንድ አልነበረውም! ከሌሎቹ የምሽት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ባንድ ነበራቸው። እሱ ያቆመው የሮቦት አጽም ነው፣ የሚናገር። ስንት ድራመር ሥራ በሚፈልግበት ከተማ። የሚቀጥለውን ደብዳቤ ለእሱ እጽፋለሁ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የመጨረሻ ፕሮግራሙ ሲከፈት፣ ድራምህን ምታ የሚል የአንድ የግላስጎ ባንድ ዘፈን ነበር የመረጠው። የቀድሞ እንግዶቹ በየተራ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አጀቡት። ለዘፋኝነቱ መታሰቢያ ይሆን?

የምጠይቀው ትንሽ ነው። ማረሚያ አውጡ። ከሟች ማስታወቂያና ከጨረታ መሀል አይደለም፣ እዚያው ኪነ ጥበብ ገጽ ላይ። «ፈርጉሰን ድራመር ነበር» ይበል፣ ሌላ ማብራሪያ አልፈልግም። «ስህተቱ የተፈጠረው በቴክኒክ ችግር ነው» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እባካችሁ ተዉልኝ፤ ቴክኒሻን ነኝ አልኩ እኮ።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ሌሎች ሙዚቀኛ ጸሐፊዎች ክፍል ሁለት ይቀጥላል ብላችኋል። ከመታተሙ በፊት ቤዝ ተጫዋቾቹን አጣሩ። አብሮኝ የሚጫወተው ቤዚስት ጽሑፋችሁን ከእኔ ተቀብሎ አንብቧል፣ እሱ እንደ እኔ ታጋሽ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ድራመር፣ ከአዲስ አበባ