ስም፣ ሼም እና አዳም

ጤና ይስጥልን ውድ አባላት፣

ባለፈው ስንገናኝ «አዳም» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ አከራክሮን ነበር። እኔን ቤት ገብቼም አልለቀቀኝም። በዕብራይስጥ አፈር «አዳማ» ነው፤ ቀይ «አዶም»፤ ደም ደግሞ «ዳም»። ዘፍጥረት 2፥7 አዳም ከአዳማ ተበጀ ሲል የቃል ጨዋታ አለበት። በአማርኛ «አፈር» ስለምንል ጨዋታው ያመልጠናል። (አዳማ ከተማን እዚህ ውስጥ አታስገቧት፤ ስሟ ከኦሮምኛ ነው።)

የቃላት መመሳሰል ብቻውን ግን ዝምድና፣ ማለትም ከአንድ ምንጭ መምጣት፣ አይሆንም። እንግሊዝኛም ፋርስኛም መጥፎን «ባድ» ይላሉ፤ ሁለቱ ቃላት ግን አይዛመዱም። ዝምድና የሚታወቀው ድምፁ በሥርዓት ሲለዋወጥ ነው። የእኛ «ሰ» በዕብራይስጥ ብዙ ጊዜ «ሸ» ሆኖ ይመጣል፦ ስም ሼም፣ ራስ ሮሽ፣ ነፍስ ኔፌሽ፣ ስምንት ሽሞኔ። አንዴ ከለመዳችሁት ሱስ ይሆናል!

በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ድንቅነሽን እዚህ ውስጥ ለማስገባት የፈለጋችሁ ነበራችሁ። እሷ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ናት። ቃላትን በማነጻጸር ወደ ኋላ የምንሄደው ግን ጥቂት ሺህ ዓመታት ብቻ ነው። ስለዚህ ድንቅነሽን ከባቢሎን ግንብ የሚያገናኙ ቪዲዮዎችን እባካችሁ አትላኩልኝ።

ቅዳሜ ስትመጡ «ሰ» ያለባቸው ሦስት ሦስት ቃላት ይዛችሁ ኑ። ቡናው በእኔ ነው።