ስለ ቀጠሮና ስለ 50 ዶላሯ

ለክሊኒካችን ደንበኞች በሙሉ
ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

የጥርስ ቀጠሮ ይዞ ለቀረ ሰው 50 ዶላር እንደምናስከፍል ታውቃላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ከፍላችኋል። አንዳንዶቻችሁ ተቆጥታችሁ ሌላ ክሊኒክ ሄዳችኋል። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ፊት ለፊት ነግራችሁናል፤ እግዜር ይስጥልን። ክፍያው ለምን እንዳለ ላስረዳችሁ፣ የቱ ጋ እንደተሳሳትንም ልናገር ብዬ ነው የምጽፈው። ከመጪው ወር ጀምሮ የሚቀየሩ ነገሮችም አሉ።

መነሻዬ የአንዲት እናት ነገር ነው። አስፈቅጃቸዋለሁ፤ ስማቸውን ግን አልጠራም። ጥርስ ለማስነቀል ደውለው ቀጠሮ ጠየቁ። ስልኩን ያነሳችው ልጃችን እዚህ አገር ነው ያደገችው። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሰዓቷ ግን የአሜሪካ ነው። «ሐሙስ በሦስት ሰዓት ይምጡ» አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ማለቷ ነበር። እሳቸው ሐሙስ ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ እዚህ 9 በሚባለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከች አሉ። ሴት ልጃቸው ከሥራ አስፈቅዳ ነው ያመጣቻቸው። እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረው ሰው ኮምፒውተሩን አየና «ቀጠሮዎ አሁን አይደለም» አላቸው። ልጅቷ ወደ ሥራ መመለስ አለባት። ስድስት ሰዓት ሙሉ ማን ይጠብቃል? ሄዱ። ከሰዓት በኋላ 3 ሲሆን ኮምፒውተሩ «አልመጡም» ብሎ መዘገበ። በሳምንቱ የ50 ዶላር ቢል ቤታቸው ገባ።

በዚያ ቀን ከደንበኞቻችን ሁሉ ቀድመው በራችን ላይ የቆሙት እሳቸው ነበሩ። «አልመጡም» ብለን ያስከፈልነውም እሳቸውን ነው።

ዝም ብለው ከፈሉ። እኔ የሰማሁት ከወራት በኋላ ነው። ለሌላ ጥርስ መጥተው «ያኔ እኮ አባረራችሁኝ» እያሉ ሲስቁ። እኔን ሳቅ አልመጣልኝም። ገንዘባቸውን የዚያኑ ዕለት መለስን።

ከዚያ ወዲህ «አልመጡም» የተባሉትን ሰዎች ዝርዝር አውጥቼ፣ ማታ ማታ ራሴ መደወል ጀመርኩ። እውነቱን ለመናገር የጠበቅኩት ሌላ ነበር። «የሐበሻ ቀጠሮ» እየተባባልን የምንቀልደውን ቀልድ እኔም አምኜው ኖሯል። ረስቶ የቀረ አለ፤ አይካድም። እንቅልፍ የጣለውም አለ። ብዙው ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ፌብሩዋሪ 3 ስንላቸው የካቲት 3 ብለው የግድግዳ ካሌንደራቸው ላይ ያሰፈሩ አባት አሉ። በሳምንቱ መጡ። ሁለት ደንበኞቻችን ደግሞ ስማቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው። የአንዱ ማስታወሻ ቴክስት ለሌላው ሄደ። ያም «እኔ ቀጠሮ የለኝም» ብሎ ሰረዘው። ባለቀጠሮው በሰዓቱ ሲመጣ ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ቴክስቱ ራሱም ችግር አለበት። የሚመጣው በእንግሊዝኛ ነው፣ ከማይታወቅ ቁጥር ነው፣ «ይህን ተጫኑ» ይላል። በዚህ የአጭበርባሪ ዘመን ልጆቻችሁ «የማታውቁትን እንዳትነኩ» ብለው መክረዋችኋል። እናንተም አልነካችሁም። ትክክል ናችሁ።

በጣም ያሳፈረኝ ደግሞ የእንቁጣጣሹ ነው። ጥርስ የሚታጠበው በየስድስት ወሩ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ቀጠሮ ራሱ ይቆጥራል። ማርች 11 የታጠበ ሰው ሴፕቴምበር 11 ይደርሰዋል። መስከረም 1! ዶሮ ተሠርቶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማን ጥርሱን ሊያሳጥብ ይመጣል? የኢድ ደግሞ ይብሳል፤ በጨረቃ ስለሆነ ከስድስት ወር በፊት ቀኑን ቁርጥ አድርጎ መያዝ አይቻልም። ፕሮግራሙን የሠራው ኩባንያ ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኛ ግን እናውቃለን።

እሺ፣ ታዲያ ክፍያውን ለምን አናነሳውም?

በብዙ የሐኪም ቢሮዎች ለአንድ ሰዓት ሁለት ሦስት ሰው ይቀጥራሉ። አንዱ ቢቀር ሌላው ይገባል፤ ሁሉም ከመጡ ደግሞ ቁጭ ብላችሁ መጽሔት ታገላብጣላችሁ። ጥርስ ላይ ይህ አይሆንም። አንድ ወንበር ላይ የሚተኛው አንድ ሰው ነው፣ አፉን ከፍቶ። ለሩት ካናል፣ ማለትም ለጥርስ ሥር ሕክምና፣ አንድ ሰዓት ተኩል ከያዝን ያ ጊዜ የእሱ ብቻ ነው። ሰውየው ሲቀር የረዳቷ የሰዓት ክፍያ አይቀርም፣ ኪራዩ አይቀርም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ሌሊቱን በጥርስ ሕመም ሲሰቃይ አድሮ፣ ጠዋት ደውሎ «ቦታ የለም» የተባለው ሰው ነው። ቅዳሜ ጠዋት በተለይ ወረፋው ረጅም ነው። ከአንድ ቀን በፊት ብትነግሩን ያን ሰው እንጠራዋለን። በሰዓቱ ስትቀሩ ግን ማንም አይደርስልንም።

ለራሳችሁም ቢሆን ጉዳት አለው። ክራውን፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚገጠም ክዳን፣ የምታሠሩ ሰዎች ይህን ስሙኝ። መጀመሪያ ቀን ጥርሱን ሞርደን ጊዜያዊ ክዳን እናደርግበታለን። ዋናው ከላቦራቶሪ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ያ ጊዜያዊ ነገር ለረጅም ጊዜ አይሆንም። ይወልቃል፤ ጥርሶቹ ትንሽ ከቦታቸው ይንሸራተታሉ፤ ተሠርቶ የመጣው ክራውን አልገባም ይላል። ከዚያ እንደ አዲስ ልኬት ነው። ስለዚህ ሁለተኛዋን ቀጠሮ እባካችሁ አትዝለሏት።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ሜዲኬይድ፣ ማለትም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች መንግሥት የሚሰጠው የጤና ኢንሹራንስ፣ ያላችሁን ሰዎች ለቀረ ቀጠሮ ገንዘብ መጠየቅ አይፈቀድልንም። የፌዴራሉ መንግሥት ደንብ ነው። ሜሪላንድ ከ2023 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ ሜዲኬይድ ላላቸው አዋቂዎች የጥርስ ሕክምና መሸፈን ስለጀመረ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በዚህ ነው የምትታከሙት። የትም ቦታ ቢሆን ለቀረ ቀጠሮ ቢል ከመጣላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ወረቀቱን ወደኛ ብታመጡትም እናነብላችኋለን። የግል ኢንሹራንስ ያላችሁ ደግሞ ይህን ክፍያ ኢንሹራንሱ አይሸፍነውም፤ ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው። ለዚህም ነው ስናስከፍል ጠንቅቀን ማወቅ ያለብን።

አሁን ወደሚቀየረው ልግባ።

ሰዓት ስንነግራችሁ ሁለቱንም እንላለን፦ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ ስልካችሁ ላይ 9 የሚለው።» ቀኑንም በሁለቱም ካሌንደር። ስልክ የሚያነሱት ልጆቻችን ተለማምደውታል፤ መጀመሪያ ላይ ተሳስቀንበታል። ከቀጠሮው ሁለት ቀን በፊት ሰው ይደውልላችኋል፣ ከዚሁ ከምታውቁት የክሊኒኩ ቁጥር፣ በአማርኛ። ካላነሳችሁ ሁለተኛ ቁጥር እንሞክራለንና የልጃችሁን ወይም የጎረቤታችሁን ቁጥር አስመዝግቡ። የልደት ቀናችሁንም ስንጠይቅ አይክፋችሁ። ሞክሼ ስለበዛ ነው።

የ50 ዶላሩ ክፍያ ለመጀመሪያ ጊዜ ለቀረ ሰው የለም። ለሁለተኛ ጊዜም ቢሆን ሰው ደውሎ ሳያነጋግራችሁ ቢል አይላክም። ለቅሶ ከሆነ አይከፈልም። ማስረጃም አንጠይቅም፤ ሰው በለቅሶ አይዋሽም ብዬ ነው። (አንድ ሰው አያቱን ሁለት ጊዜ ቀብሮብኛል። በእናት በኩል ነው በአባት ብዬ ተውኩት።) ታክሲና ኡበር የምትነዱ ደግሞ ደለስ (Dulles) ኤርፖርት የሚሄድ ሰው አግኝታችሁ 495 አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ቀጥ ሲልባችሁ እናውቃለን። ደውሉ ብቻ። እስከ 15 ደቂቃ ድረስ እንጠብቃለን። ከዚያ ካለፈ የጀመርነውን ሳንጨርስ የቀጣዩ ሰው ሰዓት ስለሚደርስ፣ ሌላ ቀን እንሰጣችኋለን።

ቅዳሜና እሁድ ማታ ደውላችሁ መልእክት የተዋችሁ ሰዎችም ነበራችሁ። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነበር የምንሰማው። ከእንግዲህ መልእክቱን የተዋችሁበት ሰዓት ይቆጠርላችኋል፤ እኛ የሰማንበት አይደለም።

«እናንተስ አንድ ሰዓት ስታስጠብቁኝ ማን ይከፍለኛል?» ያለኝን ሰው አልረሳሁትም። መልስ አጣሁለት። አሁንም በገንዘብ እክፈል ብል ክሊኒኩ አይችለውም። የምችለው ይህን ነው፦ ከቀጠሯችሁ 30 ደቂቃ ካለፈና ካልጠራናችሁ ያለ ምንም ክፍያ ትታችሁ መሄድ ትችላላችሁ። የሚቀጥለውንም ቀጠሮ ቅዳሜን ጨምሮ ቀድማችሁ ትመርጣላችሁ። ስንዘገይም ዝም አንላችሁም፤ ወጥተን ምን ያህል እንደቀረ እንነግራችኋለን።

ባለፉት ሁለት ዓመታት በሰዓት፣ በቀን ወይም በስም ስህተት 50 ዶላር የከፈላችሁ ካላችሁ ንገሩን። ደረሰኝ ባይኖራችሁም ኮምፒውተሩ ውስጥ አለ። በቼክ እንመልሳለን፣ ወይም ከቀጣዩ ሒሳባችሁ ላይ እንቀንሳለን። እንደፈለጋችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የክሊኒኩ ባለቤት

ተጨማሪ፦ መስከረም 1 ዝግ ነን። በዚያ ቀን ቀጠሮ አላችሁ የሚል ቴክስት ከደረሳችሁ ኮምፒውተሩ ነውና ደውሉልን፣ እንቀይራለን።